በቀን የምትበራው አምፖል

እስቲ ያቺን አምፖል ተመልከቱ። ከምኒልክ አደባባይ ወደ ፒያሳ ስትወርዱ፣ ሰገነቱ ዝጎ ካጎነበሰው አሮጌ ቤት ሥር፣ በሩ ከአንድ ሰው ትከሻ የማይሰፋ የሬዲዮ ጥገና ሱቅ አለ። ከመስታወቱ ጀርባ፣ ሆዳቸው ከተዘረገፈ ሬዲዮኖች መካከል፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቀይ አምፖል ትበራለች። ፀሐይ አናት በሚበሳበት በስድስት ሰዓትም ትበራለች። የአራዳ ልጆች ምላሳቸው አያርፍምና፣ "አታክልቲ ፀሐይንም ያለ ዋስ አያምናትም" ይላሉ። አንዳንዱ አንገቱን በበሩ አስግጎ፣ "አባባ፣ አምፖልዎ እኮ ሳትተኛ ነጋባት" ይለዋል። አታክልቲ ቀና ሳይል ካቻቢቴውን እያዞረ፣ "ተዋት፣ ሥራ ላይ ናት" ይላል።

ሥራዋ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን የለም። መጠየቅ ሰው የሚያስበላበትን ዘመን አልፈን፣ ሳይጠይቁ ማለፉ እንደ ጨዋነት ተቆጥሮ ቀረብን። እንግዲያው ሳትጠየቅም ቢሆን ትነገር።

አታክልቲን ከዓዲግራት አዲስ አበባ ያመጣው ታላቅ ወንድሙ ሐዱሽ ነው። እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲያልፉ፣ ሐዱሽ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ፣ አታክልቲ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር። በጭነት መኪና፣ በከረጢት ላይ ተቀምጠው መጡ። ሐዱሽ ባቡር ከሚጠገንበት ጋራዥ ብረት ቀጥቃጭ ሆኖ ተቀጠረ። አፍንጮ በር አንዲት ክፍል ተከራየ። ወንድሙን አስተማረ፤ ራሱ ሳያገባ ወንድሙን ዳረ። አታክልቲ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ጥሎ ፒያሳ የአንድ ሽማግሌ ጣሊያን ሱቅ ውስጥ ሬዲዮ መፍታት ሲጀምር፣ ሐዱሽ ሦስት ቀን አኮረፈው፤ በአራተኛው ቀን የራሱን የሰዓት ደወል አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ፈትቶ ካልገጠመው ራት እንደሌለ ነገረው። ልጁ ራቱን በላ።

ሃያ ዓመት ሙሉ ብረት በብረት ሲመታ የኖረ ሰው ጆሮው ምን ይሆናል ብሎ የጠየቀም አልነበረም። የሐዱሽ ቀኝ ትከሻ ሲዝል መዶሻውን አስቀምጦ የማቋረጫ ዘበኛ ሆነ። ማቋረጫው ከከተማው በስተደቡብ ነው። ሐዲዱ ከባሕር ዛፍ ደን ውስጥ ታጥፎ ድንገት ብቅ ይልና የጋሪና የመኪናውን የጠጠር መንገድ ይሰነጥቀዋል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ቀይና ነጭ የተቀባ፣ በአንድ ጫፉ ድንጋይ የታሰረበት አጣና አለ። ባቡሩ ከደኑ ወዲያ ሲያፏጭ ዘበኛው አጣናውን ያወርዳል፤ ሲያልፍ ያነሳል። ከሐዲዱ አጠገብ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ተሰጥታዋለች። ሥራው እስካለ ቤቱ የሱ ነው፤ ሥራው ሲሄድ ቤቱም ይሄዳል።

እሑድ እሑድ ሐዱሽ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ወደ አራዳ ይወጣል። ጊዮርጊስ ያስቀድስና ከወንድሙ ጋር አፍንጮ በር ምሳ ይበላል። አታክልቲ ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ዲያቆኑ ተነሡ ብሎ ሲጣራ ሰው ሁሉ ይነሣል፤ ሐዱሽ ከሰው በኋላ ይነሣል። ሲሰግዱም ጎንና ጎኑን አይቶ ይሰግዳል። ለባለቤቱ ለትርሓስ ነገራት። ትርሓስ ነገር አታሳድርም፤ በሚቀጥለው እሑድ ሐዱሽ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀምጦ ሳለ ትልቁን የብረት ትሪ ሲሚንቶው ላይ ለቀቀችው። ጎረቤት ሳይቀር "ምንድን ነው?" ብሎ ብቅ አለ። ሐዱሽ ሽሮውን ያጣቅሳል።

በዚያን ቀን ተናዘዘ። ሁለት ዓመት አልፎታል፤ የባቡሩን ፉጨት አይሰማም። እና ጋሼ እንዴት ነው አጣናውን የሚያወርዱት ብሎ አታክልቲ አፉን ከፍቶ ጠየቀው። ሐዱሽ ከንፈሩን አይቶ መለሰ፤ በውሻው ነው። ማንያውቃል የሚባል ቡናማ ውሻ ነበረው። ውሻው በሩ ላይ ይጋደማል፤ ባቡሩ ገና ሩቅ ሳለ ጆሮውን ያቆማል፤ ሐዱሽ የውሻውን ጆሮ አይቶ ይነሣል። ሁለት ዓመት ሙሉ የአንድ ከተማ ጋሪና መኪና ያለፈው በአንድ ውሻ ጆሮ ነው። ትርሓስ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ኋላ እንባው ብቻ ቀረ።

ለአለቆቹ ይንገራቸው፣ ቀለል ያለ ሥራ ይስጡት አለች። ሐዱሽ እምቢ ብሎ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ጡረታው ሊከበር ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ይቀረዋል። ዛሬ ደንቆሮ መሆኑን ቢናገር ነገ የቆርቆሮ ቤቱን ቁልፍ ያስረክባል፤ ሠላሳ ዓመት ደክሞም ባዶ እጁን ይቀራል። ወንድሙ ቤት ጥገኛ መሆን ደግሞ ሞቱ ነው። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ብቻ፣ ይኸው ነበር የለመነው። ከእግዜርም ከሰውም ሌላ የለመነው ነገር የለም።

ወር ሳይሞላ፣ በ1969 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ባለቤት የሌለው ውሻ ይጥፋ ተባለና መርዝ የተለወሰ ሥጋ በየመንገዱ ተበተነ። ማንያውቃል ባለቤት ነበረው፤ ሥጋው ግን አይጠይቅም። በማግስቱ ሐዱሽ፣ እሑድ ባልሆነ ቀን፣ የሥራ ካፖርቱን እንደ ለበሰ ፒያሳ ሱቁ በር ላይ ቆመ።

"ውሻዬን ገደሉብኝ" አለ።

አታክልቲ የያዘውን ሬዲዮ አስቀመጠ። ሐዱሽ የመጣው ስለ ውሻ ብቻ እንዳልሆነ ገባው።

በሦስት ሳምንት ውስጥ መሣሪያውን ሠራ። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ከከተማው በኩል የሚመጣው ባቡር ከሩቅ ይታያል፤ የማይታየው ከደኑ የሚመጣው ነው። ስለዚህ በደኑ በኩል፣ ከማቋረጫው አንድ ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ፣ ከሐዲዱ ጎን፣ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አንድ የብረት ምላስ ተቀመጠ። የባቡሩ ጎማ ሲያልፍ ምላሷን ይጫናታል፤ ምላሷ ስትጫን ሁለት ሽቦ ይገናኛል፤ ኤሌክትሪኩ በመሬት ውስጥ በተቀበረው ሽቦ ሮጦ ሐዱሽ ቤት ይደርሳል። እዚያ ደወል ቢያስቀምጥ ለደንቆሮ ምን ይረባል? ስለዚህ የኤሌክትሪክ ደወል መዶሻ ነቅሎ ሐዱሽ ከሚቀመጥባት የእንጨት አግዳሚ ሥር ቸነከረው። ባቡር ሲመጣ አግዳሚዋ ትንቀጠቀጣለች። ሽቦውን ያገኘለት ጎረቤቱ ባለ ሱቅ ቡሽራ ነው፤ ለምን እንደሆነ ሳይጠይቅ የወታደር ስልክ ሽቦ በጆንያ አስይዞ ሰጠው፤ ኪሎ ሜትር የሚሞላ።

የመጀመሪያው ቀን ሁለቱ ወንድማማቾች አግዳሚዋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቁ። ባቡሩ መጣ። መዶሻው መታ። ሐዱሽ እንደ ተወጋ ሰው ብድግ ብሎ ሄዶ አጣናውን አወረደ፤ ባቡሩ እስኪያልፍ ቀጥ ብሎ ባንዲራውን ይዞ ቆመ፤ ከዚያ ተመልሶ ፊቱን በካፖርቱ እጅጌ እየጠረገ ሳቀ።

"ስንት ዓመት አኩርፎኝ የኖረ ባቡር ዛሬ አናገረኝ" አለ፤ "ያውም በመቀመጫዬ።"

አሁን የአታክልቲን ጥፋት እንናገር። ጥፋት ነበረው፤ እሱም አይክድም። ጥፋቱ ሁለት ነው።

አንደኛው ይኸ ነው። ሽቦው ባዶ ነበር። ባቡር ሲረግጠው ብቻ ኤሌክትሪክ ይሄድበታል። ባቡር ከሌለ አግዳሚዋ ዝም ናት። ሽቦው ቢቆረጥስ? ያን ጊዜም ዝም ናት። ለሐዱሽ ሁለቱ ዝምታ አንድ ነው። አታክልቲ ሌላ መንገድ እንዳለ ያውቅ ነበር፤ ኤሌክትሪኩ ሌት ተቀን በሽቦው እየሄደ አንዲት አምፖል ሁልጊዜ ትብራ፤ ባቡር ሲረግጥም፣ ሽቦ ሲበጠስም፣ ባትሪ ሲያልቅም አምፖሏ ትጥፋና መዶሻው ይምታ። በዚህኛው ዝምታ ብሎ ነገር የለም፤ ደህና መሆኑን የምታውቀው አምፖሏን አይተህ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ነገር የባትሪ ድንጋይ ይበላል። የባትሪ ድንጋይ ደግሞ በዚያን ጊዜ በቀበሌ ሱቅ፣ በተራ፣ ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ሁለት ነው የሚሰጠው፤ ያውም ሲኖር። ለሐዱሽ ነገረው። ሐዱሽ፣ "ዝም ካለ ሰላም ነው፤ ይኸው ይበቃኛል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄጄ ምላሷ ላይ ድንጋይ ጭኜ እመለስና አግዳሚዋ መንቀጥቀጧን አያለሁ" አለው። አታክልቲም ባትሪ ሲገኝ እቀይረዋለሁ ብሎ ተወው።

ሁለተኛው የእጅ ልማድ ነው። የፒያሳ ሬዲዮ ሠሪ የጠገነውን ሬዲዮ ከመክደኑ በፊት ሆዱ ውስጥ ቁራጭ ወረቀት ይለጥፋል፤ ስሙን፣ ተራ ቁጥሩን፣ ቀኑንና "የሦስት ወር ዋስትና" የሚለውን ቃል። ደንበኛው ሌላ ዘንድ አስከፍቶ አበላሽቶ ሲመለስ ክርክሩን የሚቆርጠው ያ ወረቀት ነው። አታክልቲ የሐዲዱን ሣጥን ሲከድንም እጁ የለመደውን አደረገ። ወረቀት ቆረጠ፣ ጻፈ፣ ለጠፈ። ሲለጥፍ እንኳን ልብ አላለውም።

መሣሪያው አራት ወር ሠራ። ሐዱሽ እሑድ ሲመጣ ፊቱ በርቶ ነው፤ ለጡረታው የቀረውን ወር በጣቱ ይቆጥራል። በዚያ ወራት አራዳ ውስጥ የሚቆጠረው ሌላ ነበር። ጠዋት በየጥጉ ሬሳ ይገኛል፤ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት፣ እናቱ እንዳታለቅስ ተከልክላ። ትርሓስ ገበያ ስትሄድ ጉሊት ላይም ቢሆን ትግርኛ መናገር ትታለች። ግንቦት መጨረሻ ላይ በምሥራቅ በኩል የባቡር ድልድዮች ተመቱ የሚል ወሬ መጣና፣ እስከ ናዝሬት ያለው ሐዲድ በአብዮት ጥበቃ ስንዝር በስንዝር ይፈተሽ ተባለ።

ሐሙስ ጠዋት ሣጥኑን አገኙት። ቦምብ ነው ብለው መጀመሪያ ሸሹ፤ ኋላ አንድ ደፋር ከፈተው። ሽቦውን ቆረጡት፤ እየጎተቱ ሲያወጡት ከአንድ የውኃ ቱቦ ሥር ሲደርስ ተበጠሰና ቀረ። ጫፉ የት እንደሚወጣ አላወቁም። ደኑ ውስጥ የተደበቀ ሰው አለ ብለው ሽቦውን ሊጠግን የሚመጣውን የሚጠብቁ ሁለት ዘብ አስቀመጡ። ማቋረጫው ከደኑ ወዲያ ነውና ማንም የቆርቆሮዋን ቤት አላሰበም። ወረቀቱን አነበቡና ሣጥኑን ይዘው ፒያሳ ወጡ።

የቀበሌው አብዮት ጥበቃ አዛዥ ፈቀደ የሚባል ሰው ነበር። ከአብዮቱ በፊት የጨርቅ ሱቅ ተላላኪ ሳለ ሬዲዮውን የሚያስጠግነው አታክልቲ ዘንድ ነው፤ "ጋሽ አታክልቲ" እያለ። አሁን ሣጥኑን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ክዳኑን ገለጠው።

"ይኸ የማን ጽሕፈት ነው?"

አታክልቲ ዓይኑ የሄደው ወደ ወረቀቱ አይደለም። ከሣጥኑ ጎን የተንጠለጠለውን የተቆረጠ ሽቦ አየ።

"አንተን ነው፤ ለቦምብህም የሦስት ወር ዋስትና ትሰጣለህ?" አለ ፈቀደ። አብረውት የመጡት ሳቁ። ቡሽራ ከሱቁ በር ላይ ሆኖ ያያል፤ ማንም ወደ ማንም አይጠጋም።

ቀበሌው ግቢ ውስጥ፣ ቀድሞ የአንድ ሀብታም የእህል ጎተራ በነበረ ክፍል አስቀመጡት። ፈቀደ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ የሽቦው ጫፍ የት ነው? ሽቦው ማን ዘንድ ይደርሳል?

እስቲ በሱ ቦታ ሁኑና አስቡት። ሐዱሽ ቢል ሐዱሽን ይዘውት ይመጣሉ፤ ሁለት የትግራይ ሰዎች፣ ከሐዲድ ሥር የተቀበረ ሽቦ፣ በምሥራቅ የፈረሰ ድልድይ። ከዚያ በታች በሆነ ነገር የስንቱ ስም ተጠርቶ ቀርቷል። ሐዱሽ ባይል ደግሞ ነገ ጠዋት የናዝሬቱ ባቡር ይመጣል፤ አግዳሚዋ ዝም ትላለች፤ ሐዱሽም ዝም ካለ ሰላም ነው ብሎ ይቀመጣል። አታክልቲ ቢመታም፣ መሣሪያውን ለራሴ መሞከሪያ ብዬ ነው የሠራሁት፣ ጫፉም ደኑ ውስጥ ነው አለ። ያን ባቡር ሰዓቱን ጠብቆ ሲመጣ ያየው የለም፤ ምናልባት ይዘገያል፤ ምናልባት ነገ ጨርሶ አይመጣም፤ ምናልባት ሐዱሽ ራሱ አንድ ነገር ይጠረጥራል እያለ ልቡን ሲያታልል ዋለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ትርሓስ ብርድ ልብስና ምግብ ይዛ መጣች። ዘቡ በሁለቱ መካከል ቆመ፤ በአማርኛ ብቻ፣ ጮክ ብላችሁ አላቸው። ትርሓስ መያዙን እንጂ ሽቦ መቆረጡን አታውቅም። ባሏን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ያበጠውን ከንፈሩን አየችው።

"ለጋሼ የምነግረው አለ?" አለችው።

በዚህች ቦታ ነው የአታክልቲ ልብ የተሰበረው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ስብራቱን መቁጠር ብቻ ነው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ትርሓስ ብትሰማው እየሮጠች ወደ ማቋረጫው ትወርድ ነበር። ነገር ግን ዘቡ ቆሟል፤ ጆሮው ቆሟል። ሄዳ ብትነግረው ይከተሏታል፤ ሦስት ይሆናሉ። አታክልቲ ዘቡን አየ፤ ሚስቱን አየ።

"ምንም የለም" አለ፤ "ደህና ነኝ በይው።"

ትርሓስ የምግቡን ዕቃ ተቀብላ ሄደች። አታክልቲ ወንድሙን ያዳነ መሰለው።

ጠዋት፣ ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ በሩን በቡጢ ይደበድብ ጀመር። ሌሊቱን ሁሉ አስቦ የደረሰበት አንድ ነገር ነው፤ ቢገደሉም ተነግሮ ይገደሉ። ፈቀደ ግን የገባው ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። አታክልቲ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈለት፤ ወንድሙ ደንቆሮ መሆኑን፣ ውሻውን፣ አግዳሚዋን፣ ሽቦው ሲቆረጥ ምን እንደሚሆን። ባቡሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይጠበቃል፤ ብዙ ጊዜ ግን አራት ሰዓትም አምስት ሰዓትም ያደርገዋል። ሰው በመኪና ላክ፤ ወይም ለባቡር ጣቢያው ደውል፤ ከዚያ የፈለግኸውን አድርገኝ አለው።

ፈቀደ ክፉ ሰው ነበር ለማለት እንኳን ያስቸግራል። አመነው። ፊቱ ላይ ታየ። ነገር ግን ስልኩን ለማንሳት ከቀበሌው በላይ ያለው የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ ለመጠየቅ ደግሞ የተፈረመ ቃል ያስፈልጋል። ያለ ወረቀት ደውሎ ነገሩ ወጥመድ ሆኖ ቢገኝ የሚጠየቀው እሱ ነው። ወንበር ሳበ። በሦስት ወረቀት መካከል ካርቦን አስገባ።

"ስም ከነአያት።"

አታክልቲ ተናገረ።

"የትውልድ ቦታ። አውራጃ።"

ተናገረ።

"የመደብ ጀርባ?"

"ፈቀደ፣ ባቡሩ እየመጣ ነው።"

"የመደብ ጀርባ እያልኩ ነው። ካልሞላ አይቀበሉኝም።"

"ሬዲዮ ሠሪ። አባቴ ገበሬ። ጻፈው ወንድሜ፣ ጻፈው።"

ጻፈው። ካርቦኑ ሦስተኛው ወረቀት ላይ ስላልታየ ሦስተኛውን እንደገና ጻፈው። አታክልቲ ፈረመ። ሦስት ጊዜ ፈረመ። ፈቀደ ወረቀቱን ይዞ ወደ ከፍተኛው ሲወጣ ሦስት ሰዓት ከአሥር ሆኖ ነበር።

ሁልጊዜ የሚዘገየው ባቡር በዚያን ቀን የዘገየው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።

ሐዱሽ አግዳሚዋ ላይ ተቀምጦ ነበር። አጣናው ተነሥቷል። ሁለት ሴቶችን የጫነ ጋሪ ከወዲያ ማዶ መጣ፤ ሐዱሽ እንደ ልማዱ እጁን አንሥቶ እለፉ አላቸው። ጋሪው ሐዲዱ ላይ ሲወጣ ፈረሱ ቆመ። ፈረሱ ጆሮውን አቆመ። ሐዱሽ ያየው ይኸን ነው። ሁለት ዓመት የውሻ ጆሮ ሲያይ የኖረ ዓይን ነውና የፈረሱን ጆሮ ሲያይ ገባው። ወደ ኋላው አልዞረም፤ ባቡሩን አላየም። ሮጦ ሐዲዱ ላይ ወጣ፤ የፈረሱን ልጓም ያዘና በዚያ በዛለ ትከሻው ጎትቶ በጎኑ አሳለፈው። ጋሪው ተሻገረ። ሴቶቹ ተሻገሩ። ፈረሱም ተሻገረ። የባቡሩ ነጂ ከደኑ እስኪወጣ ድረስ ያፏጭ እንደነበር ኋላ ምሏል። እውነቱን ነው፤ ሴቶቹም ሰምተው ዘበኛውን አምነው ነበር፤ ያልሰማው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ፈቀደ በስድስት ሰዓት መጣ። በሩን ራሱ ከፈተው፤ ዘቡን ራቅ አደረገው። ኮፍያው በእጁ ነበር።

"ጋሽ አታክልቲ" አለ። እንዲህ ብሎ ከጠራው ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። "ጋሪ ነበር። ሁለት ሴቶች ነበሩበት። ተርፈዋል፤ ፈረሱም ተርፏል።"

"ጋሼስ?"

ፈቀደ ኮፍያውን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

ቀብሩን አላየም። አልፈቀዱለትም። ትርሓስ ከዕድሩ ሰዎች ጋር ሆና ሐዱሽን ቀበረችው፤ ድምፅ አውጥታ በትግርኛ ለማልቀስ ፈርታ፣ ነጠላዋን ነክሳ። ወንድሙን ለማዳን ሦስት ጊዜ የፈረመበት ወረቀትም አልጠፋም፤ ያለ ፈቃድ በመንግሥት ሐዲድ ላይ መሣሪያ ማኖር ተብሎ ሦስት ዓመት ከአራት ወር አሳሰረው። የሐዱሽ ጡረታ ግን ለማንም አልደረሰም፤ ቀኑ አልሞላም ተባለ። አንድ ሰው የሁለት ሰው ነፍስ በትከሻው ጎትቶ ሲያወጣ ቀኑ ያልሞላለት አገር የት አለ? እኛ ዘንድ አለ።

አታክልቲ ተፈትቶ ሲመለስ ቡሽራ ዕቃዎቹን በጆንያ ቋጥሮ አስቀምጦለት ነበር፤ ካቻቢቴውን፣ ፒንሳውን፣ መበየጃውን። አሁንም አልጠየቀውም፤ ትከሻውን ብቻ ያዝ አድርጎ ለቀቀው። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ሬዲዮ አልነካም። ያን ባትሪ ሲገኝ እቀይረዋለሁ ያለውን መሣሪያ ሠራ። ሽቦው ከአምፖሏ ተነሥቶ በሱቁ ግድግዳ ዙሪያውን ዞሮ ወደ አምፖሏ ይመለሳል፤ ኤሌክትሪኩ ሌት ተቀን ይሄድበታል። አምፖሏ ከበራች ደህና ነው። ሽቦው ቢቆረጥ፣ ባትሪው ቢያልቅ፣ አይጥ ብትበላው አምፖሏ ትጠፋለች፤ ያን ጊዜ በሌላ ባትሪ የሚሠራው መዶሻ ከአግዳሚዋ ሥር ይመታል። አግዳሚዋ የሐዱሽ ናት፤ ትርሓስ ከቆርቆሮው ቤት ተሸክማ ያመጣቻት እሷን ብቻ ነበር።

ሥዕሉን በትልቅ ወረቀት ሥሎ፣ ማመልከቻ አያይዞ፣ በሥላሴ በኩል ካሉት መሥሪያ ቤቶች ወደ አንዱ ሦስት ጊዜ ወሰደው። ማንንም አልከሰሰም፤ ምንም አልጠየቀም። ደንቆሮም ሆነ ጤነኛ፣ ዘበኛው ሁሉ ሽቦ ሲቆረጥ እንዲያውቅ ነው አለ። በመጀመሪያው ቀን ነገ ተመለስ አሉት። በሁለተኛው፣ ዲፕሎማህ የታለ አሉት። በሦስተኛው፣ አንድ ከረባት ያሰረ ሰው ሥዕሉን ገልብጦ ሲያየው ቆይቶ፣ ጉዳዩ ጥናት ላይ ነው አለው። ሥዕሉን ዘቅዝቆ ነበር የያዘው። አታክልቲ ሥዕሉን ተቀብሎ ጠቅልሎ ወጣ፤ አሁን ከሱቁ ጣሪያ ሥር ተሰክቶ አለ፤ ጢስ አጥቁሮታል።

ስለዚህ አምፖሏ ትበራለች። ለባትሪዋ ሲል ራሱ ሬዲዮ አይሰማም። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት መጀመሪያ ሽቦውን በእጁ ይነቅለዋል፤ አምፖሏ ትጠፋለች፤ አግዳሚዋ ትንቀጠቀጣለች፤ እጁን እንጨቱ ላይ አድርጎ ጥቂት ይቆያል። ከዚያ ሽቦውን መልሶ ይሰካና ሥራ ይጀምራል። ትርሓስ አንድ ጊዜ፣ "እስከ መቼ ነው?" ብላው ነበር። "ያን ጊዜ ዝም አልኩሽ" አላት፤ ሌላ አልጨመረም።

እንግዲህ እናንተ በዚያ የምታልፉ ሰዎች፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በአምፖሏ ብትቀልዱ ቀልዱ፤ ሽማግሌው ለምዶታል። ግን አንድ ቀን በመስታወቱ ስታዩ አምፖሏ ጠፍታ ብታገኟት፣ መብራት ሄዷል፣ ባትሪ አልቋል፣ እኔን ምን አገባኝ ብላችሁ አትለፉ። በሩን አንኳኩ፤ በአንደኛው ባይሰማ ደግማችሁ አንኳኩ፤ ገብታችሁም፣ "አባባ፣ ምነው ዝም አሉ?" ብላችሁ ጠይቁት።